የግራናው ፓምፕ

የእህቴ ልጅ ሕይወት አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ነገረ ፈጅ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ምሳ ከበላን በኋላ ኮምፒውተሯን ከፈተችና ያረቀቀችውን የማሽን ኪራይ ውል አስነበበችኝ። የኩባንያው የሥጋት አስተዳደር ክፍል ደጋግሞ ስለመለሰባት ተማራለች። መነጽሬን አድርጌ ቀስ እያልኩ ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ሳቄ መጣ። “ተከራዩ በማናቸውም ምክንያት ለሚደርስ ጥፋትና ጉዳት ሙሉ በሙሉ ኃላፊ ይሆናል” ይላል።

“ምኑ አሳቀሽ፣ አክስቴ?” አለችኝ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር እኔም ጽፌያታለሁ፤ እሷ ሳትወለድ፣ ወልድያ ላይ። የሆነውን ነገርኳት፤ ስነግራት ብዙ ነገር ስለመጣብኝ እሷ ከሄደች በኋላ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ለገበሬዎች የውሃ ፓምፕ የሚያከራይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በወልድያ ቅርንጫፉ ነገረ ፈጅ አድርጎ ቀጠረኝ። ሰው ነገረ ፈጅን ከጠበቃ ጋር ያምታታዋል። ጠበቃ ደንበኛው ካላማረው ትቶት ይሄዳል። ነገረ ፈጅ ያለው አንድ ደንበኛ ብቻ ነው፤ እሱም ደመወዙን የሚከፍለው አለቃው ነው፤ አለቃ ደግሞ የሕግ ምክር ሲጠይቅ መልሱን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ መርጦ ነው። የእኔ አለቃ ደሴ ተቀምጠው በስልክ ያዙኝ ነበር። ምንም ነገር ብነግራቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው “እኛን የሚያስጠይቅ ነገር አለው?” ነበር። እንዳይኖረው ብዬ ነው ያችን ዓረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ የሰነቀርኳት። ጎርፍ ቢወስደው፣ ሌባ ቢሰርቀው፣ መብረቅ ቢመታው ገበሬው ይክፈል። እንዴት ኮርቼባት እንደነበር!

የመንግሥትና የአማፂያኑ ጦርነት ከሰሜን ወደ እኛ ሲወርድ ወሩ ኅዳር ነበር። የማሽላ አጨዳ ተጀምሯል፤ ገበያው በጥንቅሽ ሸክም ተሞልቷል፤ እኔም ቢሮ ውስጥ ጥንቅሽ እየላጥኩ ፋይል አገላብጥ ነበር። ወታደር የጫኑ መኪኖች ወደ ቆቦ ሲወጡ፣ ፍራሽና ድስት የጫኑት ወደ ደሴ ይወርዳሉ። የመድን ውላችንን አውጥቼ ባነበው ጦርነትን አይሸፍንም። ይህንኑ ለአለቃዬ በስልክ ነገርኳቸው።

“እንግዲያው ፓምፖቹን ሰብስበሽ ወደ ደሴ አምጪ” አሉኝ። “አንዱ አማፂ እጅ ቢገባ ግን የሚጠየቀው ያንቺ ስም ነው።”

ያኔ ይህ ለማስፈራራት ያህል ብቻ የሚባል ነገር አልነበረም። የመንግሥት ንብረት አጎደለ ተብሎ የታሰረ ሰው ወልድያ ውስጥ እናውቅ ነበር።

ሾፌራችን ጋሽ ታደሰ የወልድያ ልጅ ነው፤ ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ሁልጊዜ ያማትባል። በዚያም ቀን አማትቦ ወጣን። መርሳ አካባቢ የነበሩትን ፓምፖች ያለ ብዙ ክርክር ጫንንና ለመጨረሻው ወደ ግራና ታጠፍን። የግራናው ፓምፕ ከሁሉም ትልቁ ነበር። የተከራዩት ሸህ ይማም የሚባሉ ገበሬ ናቸው፤ ውሃውን ግን ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ይጠቀሙበታል። ስንደርስ ሽንኩርቱ እስከ ወንዙ ድረስ ለምልሟል። ሥሩ ግን ገና መቋጠር መጀመሩ ነው፤ አሁን ውሃ ቢያጣ ደርቆ ይቀራል። ለዘር ብለው በሬያቸውን የሸጡ ሰዎች ነበሩ።

የሸህ ይማም ባለቤት እትዬ ዘሀራ የማሽላ እንጀራ በድልህ አቀረቡልን። በዚያ ቀን የመጣሁበትን ጉዳይ ይዤ ያን እንጀራ መብላት ከብዶኝ ነበር። ጋሽ ታደሰ ጾም ስለሆነ ደስ ብሎት በላ።

“ውሉ ውሰጅ ካለሽ ውሰጅ፣ ልጄ” አሉ ሸህ ይማም። “ጣቴን አኑሬበታለሁ፣ አልክድም።”

“በውሉ መሠረት እርስዎ ጋ ቢቆይስ?”

“በውሉማ ከሆነ ይቅርብኝ። ጦር ቢወስደው ከየት አምጥቼ ልከፍል ነው? ወላሂ፣ መድፉን የሰማሁ ለት እዚሁ ወንዝ ዳር ጥየው ነው ልጆቼን ይዤ የምሄድ።”

ያች የኮራሁባት ዓረፍተ ነገር ፓምፑን የምትጠብቅ ይመስለኝ ነበር። የምትጠብቀው አለቃዬን ነው። ሸህ ይማምን የምትመክራቸው የተኩስ ድምፅ ሲሰሙ ፓምፑን ጥለው እንዲሮጡ ነው።

“ታዲያ ምን ይሻላል?” አልኳቸው።

“በአማና ስጭኝ።”

አማና ያው አደራ ነው። ወሎ ውስጥ ግን እስላሙም ክርስቲያኑም ቃሉን ሲጠራው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ በአማና የተያዘ ነገር ከራስ ንብረት ይቀድማል። ችግሩ እኔ ሕጉንም ማወቄ ነበር። አደራ ተቀባይ እንደራሱ ንብረት ጠብቆ ከአቅሙ በላይ በሆነ ነገር ቢጠፋበት አይጠየቅም። ፓምፑ ቢጠፋ ኪሳራው የመሥሪያ ቤቴ ነው፤ መሥሪያ ቤቴ ደግሞ ጣቱን ወደ እኔ ይቀስራል። ነገረ ፈጅ የሚቀጠረው ሥጋትን ከአሠሪው ትከሻ ላይ እንዲያወርድ ነው፤ እኔ ልጭንበት ነበር። ፈራሁ።

ጋሽ ታደሰ ጠጋ አለኝ። “ወይዘሪት፣ እኔም ብሆን ደሴ ለመድረሳችን አልምልልሽም። ትናንት የጓደኛዬን መኪና መንገድ ላይ አራግፈው ለወታደር ወስደውበታል።”

ሽንኩርቱን አየሁት። “እሺ፣ በአማና” አልኩ።

ከዚያ ቦርሳዬን ከፍቼ ወረቀትና የጣት ቀለም አወጣሁ። ለእኔ እጅን እንደ መታጠብ ያለ የዘወትር ነገር ነው። ሸህ ይማም እጃቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ አሉ፤ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ፊቱ ተለወጠ።

“ጣቴን ካስነካሽኝማ ያው ኪራይ ነው” አሉ፣ ሳይቆጡ። “ካላመንሽኝ ጫኚው። ካመንሽኝ ይህን መልሽው።”

ወረቀቱን መለስኩት። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። ጎረቤቶቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ ፓምፑ በአማና መሰጠቱ በሁሉም ፊት ተነገረ፤ መዳፍ ተዘርግቶ ዱአ ተደረገ። ጋሽ ታደሰም አሜን ብሎ አማተበ። ከዚያ ሁሉ ነገር ፋይል ውስጥ የሚገባ ምንም አልነበረም።

ከመርሳ ወዲያ ብዙም ሳንርቅ ጋሽ ታደሰ የፈራው ደረሰ። ወታደሮች አስቆሙን፤ የጫንናቸውን ፓምፖች መንገድ ዳር አራገፉና መኪናውን ወሰዱት። መኮንኑ ትሑት ሰው ነበር፤ ስለምነው የሆነውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ፈረመልኝ። ፓምፖቹን ከዚያ ወዲያ ያየ ሰው የለም። እኛ በሌላ መኪና ተጭነን ደሴ ገባን፤ ወልድያም ብዙ ሳትቆይ በአማፂያኑ ተያዘች።

መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። ለጠፉት ፓምፖች የመኮንኑን ወረቀት አሳየሁ፤ ማንም አንድ ቃል አልተናገረኝም። ጥያቄው ሁሉ ስለ ግራናው ሆነ።

“ሰነዱ የት አለ?” አሉኝ አለቃዬ።

“አማና ነው፣ አይጻፍም።”

“አንቺ ሕግ የተማርሽ ነሽ ወይስ የሸህ ደረሳ?”

ከሥራ ታገድኩ፤ ፋይሌ ወደ ዐቃቤ ሕግ ተላከ። ደሴ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ክሱን ስጠባበቅ ያ መንግሥት ራሱ ወደቀ። መንገዱ እንደተከፈተ ወደ ግራና ሄድኩ። ያስኬደኝ ፓምፑ ይሁን ሸህ ይማም፣ ያኔም አላወቅሁትም።

እትዬ ዘሀራን በሐዘን ልብስ አገኘኋቸው። ሸህ ይማምን ወባ ገድሏቸዋል፤ ክሊኒኩ ተዘግቶ መድኃኒት አልተገኘም።

“መጣሽልኝ” አሉኝ፣ እጄን ይዘው። “መንገዱን ሳይ ነው የከረምሁ። ዘመድ ሁሉ ሽጭው እያለኝ። የሱ አንገት በአማናው እንደታሰረ ይቅር?”

ጎረቤቶች ተጠሩ። በጓሮ በኩል ወስደው የእህል ጉድጓዳቸውን ከፈቱት። ፓምፑ በጀንዴ ቆዳ ተጠቅልሎ ቅባት ተቀብቶ እዚያ ተቀምጧል።

“ማሽላውስ?” አልኳቸው፤ ያ ጉድጓድ የዓመት ቀለባቸው መሆኑን አውቃለሁ።

“ማሽላውን አወጣው፤ ለዚህ ቦታ ሲል። ቤት ያስቀመጥነውን ያለፈ ያገደመ ታጣቂ ሁሉ ጫነው።”

“ምን በላችሁ ታዲያ?”

“አላህ ያለውን። ሽንኩርቱ አፍርቶ ነበር፤ እሱን እየሸጥን ቆየን። በይ አሁን በሰው ፊት ተረክቤያለሁ በይ። አውፍ በይው፣ ይቅር በይው።”

“አማናዬን ተረክቤያለሁ። ሸህ ይማም ነጻ ናቸው” አልኩ። ሰዉ አሜን አለ። እትዬ ዘሀራ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ አለቀስኩ።

ፓምፑን ለአዲሶቹ ኃላፊዎች አስረከብኩ። በሸህ ይማም እጅ መትረፉ እንዲጻፍልኝ ብጠይቅ፣ የአደራ ውል ስለሌለ አይቻልም ተባልኩ። “የተገኘ ንብረት” ብለው መዘገቡት።

ሕይወት ይህን ሁሉ ስነግራት ስልኳን አልነካችም። “ታዲያ ዓረፍተ ነገሩን ላውጣው?” አለችኝ።

“አለቃሽ አይፈቅድልሽም፤ ይቅር። ግን ውሉን ከመላክሽ በፊት ማሽኑን የሚከራየውን ሰው ሄደሽ እይው።”

“ሰኞ ነው የሚፈልጉት” አለች። ጊዜ እንደሌላት ገባኝ፤ የእኔም አለቃ ሁልጊዜ ነገ ነበር የሚፈልጉት።

ያ ፋይል እስከ ዛሬ ካለ፣ የሸህ ይማም ስም አንድ ቦታ ላይ ይገኛል፤ እኔ ከጻፍኳት ዓረፍተ ነገር ሥር፣ ለማናቸውም ጉዳት ኃላፊ ተብሎ፣ ከጣታቸው ምልክት ጋር። ፓምፑን እሳቸው እንዳተረፉት የሚል ወረቀት የለም። እንዲጻፍ አልፈለጉም ነበር። አውፍ ይበሉኝና ዛሬ ጻፍኩት።