ዋርሳዬ የመረጠው ሞተር

ባሌ ትቶልኝ የሄደው ሦስት ነገር ነው፤ አንድ አሮጌ ፒክአፕ፣ አንድ ማሳ ቲማቲም እና አንድ ወንድም። ማሳው ውሃ ካገኘ አያስቸግርም። ፒክአፗም ቤንዚን ካገኘች አታስቸግርም። ወንድምየውን ግን ምን ሰጥቼ እንደምገላገለው እስካሁን አላወቅኩም።

ዋርሳዬ ገና የተዝካሩ ድንኳን ሳይነቀል ነበር «እትዬ፣ መኪናዋን ለኔ ሽጪልኝ» ያለኝ። «ሴት ልጅ መሪ ስትይዝ ከብቱ ሳይቀር ይደነግጣል» አለ፣ ለኔ ያዘነ መስሎ። ቆቦ ውስጥ ከብቱን የሚያስደነግጠው ባጃጅ ነው። እኔ ከባሌ ጎን ስንት ዓመት ተቀምጬ ተምሬ፣ ወገቡን ካመመው በኋላ ደግሞ ራሴ እየነዳሁ፣ አንዲት ፍየል እንኳ አላስበረገግኩም። መንጃ ፈቃዴንም ያወጣሁት ዋርሳዬ ሁለት ጊዜ በወደቀበት ፈተና ነው። ይህን አላነሳሁበትም፤ እሱም አልረሳውም።

የመኪናዋ ሞተር ግን አረጀ። የቤንዚን ሞተር ነው፤ ቤንዚኑን ይጠጣል፣ ዘይቱንም ይጠጣል፣ ከዚያ ጎብዬ ሳይደርስ ጭስ በጭስ ያደርገኛል። ቤንዚን ደግሞ መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ እንደ ጠበል እየተለካ የሚሸጥበት ጊዜ ነው። መካኒኬ «ሞተሩን አውጥተን የናፍጣ እንግጠምላት» ሲለኝ በደስታ ተቀበልኩ። ቲማቲም እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ አይጠብቅም፤ በሦስተኛው ቀን ማልቀስ ይጀምራል። መኪና ከሌለኝ ደላላው ማሳዬ ድረስ መጥቶ፣ እኔንም አስለቅሶ፣ የፈለገውን ዋጋ ቆርጦ ይወስደዋል። ያቺ ፒክአፕ ከሄደች እኔም የሰው እጅ ማየቴ ነው።

ዋርሳዬ ወሬውን ሰምቶ መጣ። የሞተር ምርጫ የወንድ ጉዳይ ነው አለ፤ ሽማግሌም ጠራ። ከዚያ በሽማግሌው ፊት «አዲስ የምትገዢው ሞተር መንገድ ላይ ካስቆመሽ ግን መኪናዋን ለኔ ትለቂያለሽ» አለኝ። ብልጭ አለብኝና «እሺ! ካስቆመኝ ያንተ ናት!» አልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይሄ ነው።

ሽማግሌው የቆቦ ከብት ገበያ አንጋፋ ደላላ ናቸው። በሬ ላይ ተአምረኛ ናቸው። ሻጭ በሬውን ማታ ጨው አልሶ፣ ጠዋት ውሃ አጠጥቶ፣ ሆዱን ነፍቶ ሲያመጣው እሳቸው ገና ከሩቁ «ይሄ ጥጋብ የዛሬ ነው» ብለው ይመልሱታል። ጥርስ ይቆጥራሉ፣ ሸኮና ያነሳሉ፣ ጠምደው ሳያዩ አይገዙም። ሞተር ግን ጥርስ የለውም።

መጀመሪያ መካኒኩ ሮቢት ወሰደን። አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከተገለበጠ ፒክአፕ የወጣ ትንሽ የናፍጣ ሞተር መሬት ላይ ተጋድሟል። አቧራ ለብሷል፤ ላዩ ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። ባለቤቱ ዶሮዋን ከነእንቁላሏ በሰፌድ አነሳትና ባትሪ አገናኘ። ሞተሩ ሁለቴ አነጠሰ፣ በሦስተኛው ተነሳ። ነክቼው ነበር፤ ሳይነሳ በፊት እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነበር። መካኒኩ «ከካምቢዮዋም ጋር ይገጥማል፣ ክብደቱም ለሷ ልክ ነው» አለ።

«ኧረ በማርያም!» አለ ዋርሳዬ። «ዶሮ ያላከበረችውን ሞተር ሰው ያከብረዋል?»

ሽማግሌውም «ከሲታ ነው» አሉ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ከዚያ ወደ ቆቦ ተመልሰን፣ ዋርሳዬ አስቀድሞ የተነጋገረው አንድ ነጋዴ ግቢ ገባን። እዚያ ያለው ሞተር የጭነት መኪና ነው፤ በናፍጣ ታጥቦ እንደ ሙሽራ ያብለጨልጫል። ሽማግሌው ዞሩት። ጎኑን መታ መታ አደረጉት። ጎንበስ ብለው ከኋላው አዩ፤ ምን እንደሚፈልጉ እንጃ፣ ጭራ ይሆናል። «ማሻአላህ፣ ደረቱ ሰፊ ነው» አሉ።

እኔ እጄን አስቀመጥኩበት። ሞቋል፤ ለዚያውም ጥላ ሥር ተቀምጦ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና «ሞተር በብርዱ ነው የሚታወቀው፤ ከሞቀማ ደካማውም ይነሳል» ይል ነበር፤ ሳይነካ የገዛው ሞተር የለም።

«ይሄ ሞተር ሙቅ ነው» አልኩ። «እኛ ከመምጣታችን በፊት ሲያስነሱት ቆይተዋል።»

ዋርሳዬ ወደ ሰዎቹ ዞረና «ሙቅ ካልሆነማ ሬሳ ነው!» አለ።

ሳቁ! ነጋዴው ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ የሽማግሌው ጥምጥም እስኪፈታ ድረስ ተሳቀ። በጨው የተነፋ በሬ ከአንድ ማሳ ርቀት የሚለዩ ሰውዬ፣ አፍንጫቸው ሥር የሞቀ ሞተር አሞኛቸው። መካኒኩ አንገቱን ደፋ። ነጋዴው ቁልፍ ከማስነካቱ ሞተሩ ተነሳና ግቢው ተንቀጠቀጠ። «ይሄ ነው ወንድ!» አለ ዋርሳዬ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር ብል ማን ያምነኛል?

እኔስ ምን አደረግኩ? ዝም አልኩ። ከሰዎቹ ሳቅ ይልቅ ያ ዝምታዬ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል ይባላል፤ እውነትም በወንድ አለቀ፣ ብሬ።

አንድ ነገር ብቻ አልረሳሁም። በከብት ገበያችን በሬ ያለ ዋስ አይገዛም። «አባባ፣ የዚህ ሞተር ዋስ ማነው?» አልኳቸው ሽማግሌውን። ዋርሳዬ ነጋዴውን ቀድሞ ደረቱን ደቃ። «ዋሱ እኔ ነኝ! እንከን ቢገኝበት በገዛሽበት ዋጋ እኔው እወስደዋለሁ!» ሽማግሌውም «ሰምተናል» አሉ።

ሞተሩ ለመኪናዋ አልገጥም ብሎ መካኒኩ ሳምንት ሙሉ ሲቆርጥና ሲበይድ ከረመ። ሲገባላትም ከክብደቱ የተነሳ አፍንጫዋን መሬት ላይ ደፋች፤ የጠፋባት ነገር ያለ ይመስል መንገዱን እያሸተተች መሄድ ጀመረች። ግን ትነሳለች። ቆቦ ምን የማይነሳ ነገር አለ? ፀሐዩ ድንጋዩንም ያስነሳዋል። ዋርሳዬ ባየኝ ቁጥር «እንዴት ነው ወንዱ?» ይለኛል። «ደህና ነው» እላለሁ ጥርሴን ነክሼ።

አንድ ቀን ቲማቲሜን ጭኜ ከወልድያ በላይ ወዳለው ደጋ ወጣሁ። በማግስቱ ማለዳ የሚቆም ገበያ ስለነበረ እዚያው አደርኩ። ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። ቁልፉን ባዞረው፣ ባዞረው፣ ወንዱ ያቃስታል እንጂ አይነሳም። የደጋ ሰዎች ተሰብስበው ገፉ፤ ወይ ፍንክች። አንዱ «ቆላ ለምዶ ነው፣ ጋቢ አልብሱት» አለ። ከመናደዴ የተነሳ እውነትም ጋቢዬን አውልቄ አለበስኩት። እኔ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ሞተሩ ጋቢ ለብሶ፣ ፀሐይ እስኪወጣልን ተያየን። ሲነሳ ገበያው ተበትኗል። ቲማቲሜን ለማንም በትኜ ተመለስኩ፤ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ቆቦ ገብቷል። ዋርሳዬ ከሽማግሌው ጋር ቤቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ የመኪናዋን ጎማ እንደ ራሱ ንብረት በእግሩ ነካ ነካ አደረገው።

«እትዬ፣ ቃልሽን።»

«ቃልህስ?» አልኩት። «ዋስ አልነበርክም?»

ደነገጠ፤ ግን አፉ ከሱ ይቀድማል። «ሞተሩ ምን ሆነ? ሞተሩ አንበሳ ነው! ነጂዋ ናት እንጂ!»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው አሰቡ። ሞተሩን ከገዛንበት ቀን ወዲህ ትንሽ አፍረው ነው የሚያዩኝ። «እንግዲህ ልጄ» አሉት፣ «ሞተሩ እንከን ካለበት ዋሱ አንተ ነህ፤ ትወስደዋለህ። እንከን ከሌለበት መኪናዋን ያስቆማት ብርድ ነው፤ ብርድ ደግሞ ውል ውስጥ የለም። መኪናዋ በሁለቱም መንገድ የሷ ናት።»

ጎረቤት ተሰብስቧል። ዋርሳዬ ሰው ፊት ተሸንፎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ቤቱ ገብቶ ነው የሚሸነፈው። «እንዲያውም እኔ እወስደዋለሁ!» አለ። «እንከን ስላለው አይደለም! እንዲህ ያለ ሞተር ለሴት ይበዛል። ለውሃ ፓምፔ አደርገዋለሁ፤ በገዛሽበት!»

«በገዛችበት» አሉ ሽማግሌው ቶሎ ብለው፣ ሀሳቡን ሳይለውጥ።

መካኒኩ በነጋታው ሮቢት ሄዶ ትንሹን ሞተር ገዛልኝ። ዶሮዋ ጫጩቶቿን ፈልፍላ ለቃለች፤ ባለቤቱ ለኔ ሲል ኩሱን አጥቦታል።

ትልቁ ሞተር የሚወጣበት ቀን ጠዋት ከቤቴ ቀጥታ ጋራዥ አልሄድኩም። ጎብዬ ደርሼ ተመለስኩ። ጎብዬ ጉዳይ አልነበረኝም። አላፈርሽም ወይ ብባል፣ ትንሽ አፍሬያለሁ፤ ግን ባፍርም ሁለተኛ ማርሽ ላይ አድርጌ ነው የመጣሁት። ጋራዡ በር ላይ ዋርሳዬ ጋሪ ይዞ፣ ወዳጆቹንም አስከትሎ ይጠብቃል።

ሽማግሌው «በሬ ሲረከቡ ቆሞ ይታያል፤ እስቲ አንዴ ይነሳ» አሉ። ቁልፉን ነካሁት። ከመቅጽበት ተነሳ፤ የጋራዡ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ወዳጆቹ አጨበጨቡ። ዋርሳዬ እየሳቀ ኮፈኑን ከፈተ፣ እንደ በሬ ጫንቃ ሊደባብሰው እጁን አሳረፈበት፣ ወዲያው መልሶ ሰበሰበው። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ቀና ብሎ አየኝ።

«እትዬ፣ ሙቅ ነው» አለ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው።

«ሙቅ ካልሆነማ ሬሳ ነው» አልኩት፣ ሰው እንዲሰማው።