የሮሳ ኦርካን

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ቆሻሻውን አውርጂ ብላት ከሶፋው ሳትነሳ «ኦርካር ኢንተ» አለችኝ። በስዊድንኛ አቅም የለኝም ማለቷ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ያውም ከእኔ በላይ የምትበላ! ልቆጣት አፌን ስከፍት ግን ሳቅ አመለጠኝ። ልጅ ሆኜ በዚህች ቃል የሠራሁት ጉድ ትዝ አለኝ።

ያኔ ዩልስታ የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ነበር የምንኖረው። አሥር ዓመቴ ነው፤ የእናቴ ይፋ አስተርጓሚ እኔ ነኝ። ስዊድንኛዬ እንኳን ለእሷ ለንጉሡም ይተርፋል ብዬ አምን ነበር። ከሕንፃው ሥር «ትቬትስቱጋ» የምንለው፣ ሳሙናና የጋለ አቧራ የሚሸት የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ። ተራ የሚያዘው በሰዓት ስለሆነ በሰው ሰዓት የገባ በሰው ትዳር እንደገባ ይቆጠራል። ቅጠል በረገፈበት ሰሞን አንድ ቀን ስንወርድ፣ በእኛ ሰዓት የሮሳ እርጥብ ልብስ ማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ አገኘነው። ሮሳ ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣች፣ ሦስተኛ ፎቅ ብቻዋን የምትኖር ጎረቤታችን ናት። ከእናቴ ጋር በቋንቋ ስለማይገናኙ የሚግባቡት በፈገግታ ነበር።

«ና ተርጉምልኝ!» ብላ እናቴ እጄን ይዛ ወጣች። ደረጃው ላይ ያዘጋጀችው ስድብ ቢጻፍ ሁለት ቅጽ ይወጣው ነበር።

ሮሳ በሩን ስትከፍት ዓይኗ አብጧል፤ ስልኩን ከነገመዱ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። «ኦርካን... ማማ... ኦርካን...» አለችና ድምፅዋ ተቆረጠ።

«ምን አለች?»

«አቅም የለኝም ነው የምትለው» አልኩ ያለ አንዳች ጥርጣሬ።

«ማማ ያለችውስ?»

«አንቺን ነዋ!»

እናቴ ሁለቱንም ቅጽ ስድብ ዋጠችው። «ምነው ሳትነግሪኝ፣ እህቴ!» ብላ በአማርኛ አቀፈቻት። ተመልሰን ልብሷን አጠብን፣ አደረቅን፣ ካልሲዋን ሳይቀር አጣጥፈን ወሰድንላት። ምስር ወጥም ተከተለ።

በማግስቱ መምህራችን ካርታ ዘርግታ ኦርካን ማለት አውሎ ነፋስ እንደሆነ አስረዳችን። በጣቷ ያሳየችንን የወደብ ከተማ ግማሽ ውሃ ውጦታል፤ ጣሪያው ተገንጥሏል፤ ስልክ የለም። የከተማዋን ስም ሳየው አወቅኩት፤ ሮሳ በሯ ላይ የለጠፈችው ፖስታ ካርድ ላይ ያለው ስም ነው።

ቤት ሮጬ ተናዘዝኩ። «ኦርካን ማዕበል ነው፣ እማዬ። ማማ ያለችውም የራሷን እናት ነው። የሚኖሩት ባሕር ዳር ነው፤ ይኑሩ አይኑሩ አይታወቅም።»

«ጎጃም ምን ወሰዳቸው?» አለች ደንግጣ።

«ሌላ ባሕር ነው! የአገራቸው!»

ነገሩ ገባት። ቁንጥጫዬን ስጠብቅ፣ «ታዲያ ምኑን ተሳሳትክ? አቅም አላት እንዴ?» ብላኝ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወረደች።

ሮሳ ስልኩ ያመልጠኛል ብላ ለቀናት አልተኛችም ነበር። እናቴ በእጅ ምልክት አስተኛቻትና ስልኩን መጠበቅ ጀመረች፤ ከሥራ መልስ በየቀኑ፣ እኔም ከጎኗ የቤት ሥራዬን ይዤ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ጮኸ። እናቴ አነሳች። «ሀሎ? ሀሎ?» መስመሩ እንደ ምጣድ ይንጣጣል። ከወዲያ አንዲት የሻከረች ድምፅ «ሮሳ? ሮሲታ?» ትላለች። እናቴ ከዚያ ቋንቋ አንድ ቃል አታውቅም። ግን «ሀሎ»ውን ተወችና ወደ መኝታ ቤቱ ዞራ «አሉ! አሉ!» እያለች ትጮህ ጀመር። ሮሳ በባዶ እግሯ እየበረረች መጣች። በዚያ ቀን አስተርጓሚ የፈለገ ሰው የለም።

ዛሬ የማጠቢያ ተራ የምንይዘው በሞባይል ነው። በእኔ ሕንፃ ልብሱን ማሽን ውስጥ የረሳ ሰው የቁጣ ወረቀት ይለጠፍበታል። በዚያው ሳምንት እኔም ለጥፌ ነበር፣ ያውም በሦስት ቃለ አጋኖ። ቅዳሜ ልጄን ትቼ ቆሻሻውን ራሴ ሳወርድ ማጠቢያ ክፍሉ ገብቼ ወረቀቱን አነሳሁና አብሬ ጣልኩት። ልብሱ የማን እንደነበር ግን እስካሁን አላወቅኩም።