ጽጌ ማርያም ማን ናቸው?

ሥራዬ የተጀመረው በስህተት ነው። አርብ ገበያ ከተማ ባቄላና ሽምብራ እነግድ ነበር። አንድ የስማዳ ባላገር ከሱቄ በር ቆሞ «ዘር ፈልጌ ነበር» አለኝ። ከጓዳ ምርጥ ባቄላ አፍሼ አወጣሁለት። ሰውየው ባቄላውንም እኔንም በትዝብት አየና፣ «የሰው ዘር ነው የምልህ። ለልጄ ሚስት ላጭ ነው፤ የልጅቱ ቤት ከእኛ ሰባት ቤት መራቁን ንገረኝ። የማታውቀው ሰው የለም ብለውኛል» አለ።

እውነትም አውቅ ነበር። ከጋይንት፣ ከስማዳም ሆነ ከእስቴ የሚመጣ ገበሬ ስለ እህሉ ይዋሸኛል፤ ስለ አያቱ ግን ዋሽቶኝ አያውቅም። ባቄላውን መልሼ ከተትኩና ሉክ ወረቀት አወጣሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የወንዱን ወገን በቀኝ፣ የሴቷን በግራ እጽፋለሁ፤ ከልጅ ወደ ላይ እስከ ሰባተኛው ቤት። መጀመሪያ በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎች ይጠየቃሉ። ከአራተኛው ቤት በላይ ሰው የሚያስታውሰው የክርስትና ስም ብቻ ነው፤ በፍትሐትና በተዝካር የሚጠራው እሱ ነዋ። ዛሬ ልጆቹ የክርስትና ካርዳቸውን በስልክ አንስተው ያሳዩኛል። ካርዱ ጥሩ ነው፤ ማኅተምም አለው። የሚያደርሰው ግን እስከ አባት ነው።

ሃያ ዓመት ያህል ከቆጠርኩ በኋላ የእናትነሽ ጉዳይ መጣ። እናትነሽ መካነ ኢየሱስ ከተማ የምታስተምር የአርብ ገበያ ልጅ ናት። የወገዳው ሀብታሙ ሽማግሌ ላከባት፤ የሠርጉ ቀን ሊቆረጥ ሲል እኔ ተጠራሁ። የሀብታሙ አምስተኛ ቤት ጽጌ ማርያም የሚባሉ ዲያቆን ነበሩ። የእናትነሽን አክስት ስጠይቅ ደግሞ፣ «አምስተኛ ቤታችን ጽጌ ማርያም ናቸው፤ ደግ ሰው ነበሩ ይባላል» አሉኝ። ደብሩም አንድ። «ገጥሟል፤ ዘመዳሞች ናችሁ» ብዬ ፈረድኩ። ሽማግሌዎቹ ወደ ወገዳ ተመለሱ።

በሳምንቱ ልጅቱ ሱቄ መጣች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ መጽሐፉን አይተውታል?»

«ስሙን ከአክስትሽ አፍ ሰምቻለሁ።»

«እኔ ክፍል አራት ትዕግሥት አሉ። አንዷ ስታጠፋ አራቱንም አልቀጣም።»

 የተረታ ነጋዴ የጫማውን ክር ያስራል፤ እኔም አሰርኩና ወደ ደብሩ ወረድኩ።

ቄሰ ገበዙ ዕቃ ቤቱን ከፍተው አንድ የብራና መጽሐፍ ከጨርቁ ፈቱ። «እጅህን ሰብስብ፤ ገላጩ እኔ ነኝ» አሉኝ። በየገጹ ዳር የጥንት ቄስ የሰፈሩን ልደትና ክርስትና በደቃቅ ፊደል አስፍሮታል። ጽጌ ማርያምን ፈለግን። ሁለት ሆነው ተገኙ፤ ወላጆቻቸውም የተለያዩ። የአንዱ ልደት ሰኔ ሚካኤል፣ ክርስትና ሐምሌ ማርያም ይላል። የሌላው ልደት ኅዳር ሚካኤል፣ ክርስትና የካቲት ልደታ።

ነጠላዬን መሬት ላይ ዘርግቼ ከኪሴ ሽምብራ አወጣሁ።

«ደግሞ ስንቅ ይዘህ መጣህ?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ናሙና ነው አባ።»

ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ፍሬ አኖርኩ። ከኅዳር ሚካኤል እስከ ወሩ መጨረሻ አሥራ ዘጠኝ፣ የታኅሣሥ ሠላሳ፣ የጥር ሠላሳ፣ የካቲት ልደታ አንድ። ሰማንያ። የሰኔውን ስቆጥር አርባ ላይ ቆመ። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደምትነሳ የማያውቅ ማን አለ? ለወረቀቴ መጠቀምን ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

 ስሙን እንኳ ያልጻፈ ቄስ፣ መቃብሩን ማንም የማያውቀው፣ ሁለት በዓላት ጽፎ አለፈ፤ እነሱ ስንት ዘመን ቆይተው ለአንዲት አስተማሪ መሰከሩላት።  ሽምብራውን አንድ በአንድ ለቀምኩ።

በቀጥታ ወደ አክስትየዋ ሄድኩ። «እሜቴ፣ ጽጌ ማርያም ወንድ ናቸው ሴት?»

«ሴት ናቸው እንጂ! ማን ወንድ አለህ?»

«እርስዎ ‹ናቸው› አሉኝ።»

«ታዲያ ቅድመ አያቴን ‹ናት› ልበልልህ?»

ወገዳ ድረስ ሄጄ ለሀብታሙ አባት «አጥፍቻለሁ» አልኩ። ሰውየው አልተቆጣም። «ሠርጉ ይሆናል» አለና፣ «በሃያ ዓመት ስንቱን እንዲህ መለስከው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አላውቅም ነበር። የድሮ ወረቀቶቼን አውጥቼ ‹ገጥሟል› ያልኳቸውን አንድ በአንድ ወደየደብሩ ይዤ ሄድኩ። ሌሎቹ በትክክል ገጥመው ተገኙ፤ ከአንዱ በቀር። የዚያኛው ወንድና ሴት ልጅ ሌላ ሌላ ሰው አግብተው ወልደዋል። ለሁለቱም ቤት ሄጄ ነገርኳቸው።

ይህን ሥራ የምትይዙ፦ ሽማግሌ ‹ናቸው› ሲላችሁ፣ ወንድ ይሁኑ ሴት ጠይቁ። ከዚያ ቀኑን ቁጠሩ።