የአራሷ ድጅኖ

አባቴ ኮልፌ ወንዝ ዳር ድንጋይ እየፈለጠ ነበር የሚያሳድገን። ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረውም። ቁፋሮው የምንጠጣውን ምንጭ እያደፈረሰ ሰፈርተኛው ሲያማርር፣ የማዘጋጃ ቤት ዘበኞች እየመጡ የፈላጮቹን መሣሪያ ይወስዱ ጀመር። ድጅኖው፣ ያ ድንጋይ መፈንቀያ ረጅም ብረት፣ ከተወሰደ ጾማችንን ማደራችን ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ዘበኞቹ መጡ ሲባል አባቴ ሮጦ ድጅኖውን ከእናቴ ፍራሽ ሥር ሸጎጠው። እናቴ አራስ ነበረች፤ አራስ ቤት ደግሞ ባዕድ ወንድ ዘው አይልም። ሸምገል ያለ ዘበኛ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለና አንገቱን ሰገግ ሲያደርግ የድጅኖውን ጫፍ አየው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አራስ ያለ ብረት ትተኛለች እንዴ፣ ጋሼ? ለሰይጣን ነው።"

"የሰው አራስ ቢላዋ ነው የምትይዘው። አንቺ ድጅኖ?"

"የኛ ሰፈር ሰይጣን ትልቅ ነው።"

ዘበኛው ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ "በይ ያሳድግልሽ" ብሎ ሄደ።

አባቴ ደስ ብሎት ድጅኖውን ሊያወጣ ጎንበስ ሲል እናቴ ንቅንቅ አልል አለች።

"የልጅህ ጨርቅ በዚያ ድፍርስ ውሃ እየታጠበ ገላው ሽፍ ብሏል። ከምንጩ በላይ እንደማትቆፍር ማልልኝ።"

ተለማመጣት፣ ተቆጣ፣ ወጥቶ ተመለሰ። እሷ እንደሆነ አራስ ናት፣ የት ትሄዳለች? በመጨረሻ ማለ። ከዚያ ወዲያ ከምንጩ ታች፣ ድንጋዩ ጠጣር በሆነበት ሲፈልጥ እየዋለ መዳፉ ቆስሎ ይገባ ነበር። እናቴ ቅቤ ትቀባዋለች እንጂ አንድም ቀን "ተመለስ" አላለችውም።