የመጀመሪያውን ዋጋ የተቀበለው ገዢ

ሰሞኑን ቀሚሴን ላሳጥር አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሰውዬው የስፌት መኪናውን ከፍቶ ዘይት ጠብ ጠብ ሲያደርግበት ሽታው አፍንጫዬን ሞላውና፣ ሳላስበው ጅግጅጋ፣ ወላጆቼ በአንዲት የዘይት ቆርቆሮ የሚጨቃጨቁበት በረንዳ ላይ ራሴን አገኘሁት። እናቴ የሂርና ልጅ፣ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አባቴ የደገሀቡር ሰው፣ የጠመንጃ ደላላ። እሷ ለመኪናዋ የምትገዛውን ዘይት እሱ ቀስ ብሎ ያነሳና የዛገ ክላሽ ይወለውልበት ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ በእኔ ዘይት ሰው ልታስገድል ነው?» ትለዋለች። «ዝገት ላስለቅቅ ብዬ ነው እንጂ ምን አደረግኩ» ብሎ ይስቃል። እሱ እንደ ቀልድ ይያዘው እንጂ እሷስ የምሯን ነበር።

ዘመኑ መንግሥት የተለወጠበት ሰሞን ነውና፣ የተበተነው ወታደር ጥሎት የሄደው መሣሪያ እንደ ሽንኩርት ሸራ ላይ ተዘርግቶ፣ በጠራራ ፀሐይ ይሸጥ ነበር። መሣሪያ ተራ የምንለው ገበያ ከግቢያችን አጥር ጀርባ ስለነበረ፣ እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ሁሉንም እያየሁ ነው ያደግኩት። አባቴ ድሮ ደገሀቡር የግመል ደላላ ስለነበር፣ የግመል ገበያውን ሥርዓት እንዳለ ወደ ጠመንጃው አምጥቶታል። ዋጋ በአፍ አይጠራም፤ ደላላው የትከሻ ፎጣውን በራሱና በገዢው እጅ ላይ ጣል ያደርግና፣ ከፎጣው ሥር ጣት እየጨበጡ፣ ጣት እየለቀቁ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ዝም ብለው ይከራከራሉ። ከተስማሙ አንዱ የሌላውን እጅ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ አለቀ። እጅ ከተጨበጠ በኋላ የሚያፈርስ ደላላ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለዋል፤ ማንም እጁን አይሰጠውም።

የበልጉ ዝናብ የጣለ እንደሆነ ገበያው በሻጭ ይሞላ ነበር። ግጦሹ ለምልሞ፣ ኩሬው ሞልቶ፣ ሰው ሁሉ ሰርግና ወተት ሲያስብ፣ ጠመንጃ ማንገት ሸክም ይሆንበታል። ያን ሰሞን አባቴ ፉጨት ያበዛል፣ እናቴም ለሙሽሮች ድሪዕ የሚባለውን ስስ ቀሚስ ትሰፋለች፣ እኔም ከተራረፈው ጨርቅ የአሻንጉሊት ልብስ ይደርሰኝ ነበር። ሶማሌዎቹ ጂላል የሚሉት ደረቁ በጋ ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ኩሬው ጎድሎ ሰው በውኃ ሲጣላ፣ ሻጩ ይጠፋና ገዢው ይበዛል። እናትና አባቴም የሚጣሉት ያኔ ነበር። «ግመሉን የተዘረፈ ሰው ባዶ እጁን ይቀመጥ ነው የምትዪው? ከቶጎጫሌ ዕቃ ጭኖ የሚመጣውስ ሹፌር በምን ይጠበቅ?» ይላታል። «ግመሉማ ይጠበቃል፤ ጠባቂው ሲሞት ማን ይተካዋል?» ትለዋለች። እኔ እሱ ሲናገር እውነቱን ነው እላለሁ፣ እሷ ስትናገርም እውነቷን ነው እላለሁ። እስከ ዛሬ ከዚህ አልወጣሁም።

በአንዱ ጂላል፣ ከቱሊ ጉሌድ በኩል የመጣ መሐድ የሚባል ወጣት ወደ አባቴ ቀርቦ፣ የአንድ የጭነት መኪና ባለቤት ንብረት የሆነ ክላሽ መረጠ። አባቴ ፎጣውን ጣል አድርጎ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው የማይቀመስ ዋጋ ይዞ ጀመረ። ልጁ ግን ጣቱን እንኳ ሳያንቀሳቅስ የአባቴን እጅ ጭብጥ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ደላላ ቢሆን እንዲህ ያለውን ገዢ ፈጣሪ ነው የላከልኝ ብሎ ያመሰግናል፤ ሻጩ ባለመኪናም ጥርሱን ፈገግ አድርጎ ተነሥቶ ነበር። አባቴ እጁን ከፎጣው ሥር መንጭቆ አወጣ።

«ፈርሷል» አለ።

«ሙሴ፣ አብደሃል? እጅ ከተጨበጠ በኋላ!» ብሎ ሻጩ ጮኸ።

አባቴ ወደ ልጁ ዞሮ፣ «ወርያ፣ አንተ ልጅ፣ ሰው ፍየል ሲገዛ እንኳ ይከራከራል። አንተ ለነገ የምታስቀረው ነገር የለህም እንዴ?» አለውና፣ ክንዱን ይዞ ወደ ቤታችን አመጣው።

እናቴ በግመል ወተት ሻይ አፍልታ ሰጠችው። ብዙ ሳንጠይቀው ራሱ ተናገረ፤ ታላቅ ወንድሙ በውኃ ጠብ ተገድሏል፣ ገዳዩን ያውቀዋል፣ ዛሬውኑ ተመልሶ ሊጨርሰው ነው። እንባው ከሻይው ጋር እየተቀላቀለ ነበር የሚጠጣው። አባቴ አዳምጦት ሲያበቃ፣ «ዛሬ እኛ ጋ እደር። ነገ ከተከራከርከኝ አሻሽጥልሃለሁ» አለው። እናቴ ይህን ስትሰማ መቀሷን ወርውራ ተነሣች። «ሰው ልገድል ነው እያለህ፣ ነገ አሻሽጥልሃለሁ ትለዋለህ?» አለች። «እኔ ብከለክለው ከሌላው ይገዛል፣ እፋዬ። ከሌላው ሲገዛ ደግሞ የሚያሳድረው የለም» አላት። እፋዬ የሚላት ሲለማመጣት ነው፤ ያን ዕለት ግን አልሠራለትም።

በማግሥቱ ሻጩ ተለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ መጣ። አባቴም እዚያው ገበያ መሀል ፎጣውን ጣለ፣ ያንኑ የማይቀመስ ዋጋ ይዞ ጀመረ። ልጁም የአባቴን አንድ ጣት ገፍቶ መለሰ፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላውንም ገፋ፤ መጨረሻ ላይ ሥርዓቱን ረስቶ በአፉ፣ «የወንድሜ ልጆች አሉብኝ፣ ቀንስልኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀበት። አባቴ ግን አልሳቀም፤ እንዲያው ፊቱ በራ፤ ዋጋውንም አስቀነሰለት። ጠመንጃውን ሲያስረክበው፣ «መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሂድ፤ እስከዚያው ይሄ ግመሎችህን ይጠብቅ» ብሎ አስማለው። አባቴ አሻሽጥልሃለሁ ያለውን ቃል ጠበቀ፤ ለእናቴ ግን ቃል መጠበቅ ምኗም አልነበረም። «በዚህ ልጅ ጥይት ሰው ከሞተ፣ ልጄን ይዤ ሂርና እገባለሁ» አለችው፣ እኔ እየሰማሁ።

ያ በጋ ረዘመብን። እናቴ ከአባቴ ጋር ከ«ምሳህ ቀርቧል» በቀር ቃል አልተለዋወጠችም፤ ከቱሊ ጉሌድ የሚመጣ መንገደኛ ባየች ቁጥር ግን መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ እየሮጠች፣ አገሩ ሰላም እንደሆነ ትጠይቅ ነበር። የተጨበጠ እጅ አፍርሷል ተብሎ ስሙ ስለጠፋ፣ አባቴም ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲቆም ሰው በአጠገቡ እያለፈ ወደ ሌላው ደላላ ይሄድ ጀመር። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይቀር ይቆም ነበር። እኔ የምሳሳለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴን ጥዬ ሂርና መሄድ አልፈልግም። ስለዚህ የማላውቀው ሰው እንዳይሞት በየሰላቱ እጸልይ ነበር።

ዝናቡ ጥሎ ኩሬዎቹ በሞሉበት ሳምንት፣ ከአጥሩ ጀርባ አንድ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። «ይሄማ ዘረፋ ነው! በስንት እንደገዛሁት ራስህ ታውቃለህ!» ይላል። እናቴ የስፌት መኪናዋን መዘውር በእጇ ይዛ አቆመችና አዳመጠች። መሐድ ነበር። ሽማግሌዎቹ ለወንድሙ ልጆች የደም ካሳ አስከፍለው ነገሩን በእርቅ ጨርሰውታል፤ ለልጆቹ የምትታለብ ላም ሊጨምርበት፣ ጠመንጃውን ሊሸጥ መጥቶ፣ አባቴን ቁም ስቅሉን እያሳየው ነው። ጥይቶቹም አንድ ሳይጎድሉ ነበሩ። እናቴ ሳቀች፤ በጋውን ሙሉ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀች። ከዚያ ሻይ አፍልታ፣ ትሪውን ይዛ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ እግሯ ረግጦት የማያውቀው መሣሪያ ተራ መሀል ገብታ በሁሉ ፊት መጀመሪያ ለአባቴ ቀዳችለት። እኔም ከኋላዋ ቀሚሷን ይዤ፣ የዚህ ሰውዬ ልጅ መሆኔን ሁሉም እንዲያይልኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልጃችን ለበቀል ይነሣል ብለው የሚፈሩ አባቶች ሳይቀሩ፣ «ግዛ ካልክ በሙሴ በኩል ግዛ» ይሉ ነበር። ሁሉም እንደ መሐድ አልተመለሱም፤ አባቴም ይህን ያውቅ ነበር፤ በአንዳንድ ጂላል ከመንደር የሞት ወሬ ሲመጣ የቀረበለትን ምግብ ሳይነካ ይወጣ ነበር። እኔን ግን በዚያው ሥራ አሳደገኝ፣ አስተማረኝ፣ ነርስ አደረገኝ።

ዛሬ መሣሪያ ተራ የለም፤ ቦታው ላይ ሱቆች ተደርድረው ብርድ ልብስና ቴርሞስ ይሸጥባቸዋል። በመዘጋቱ ደስ ይለኛል፤ የእናቴ ልጅ ነኝና። ግን ጠመንጃው አልጠፋም፤ ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ በስልክ ይጨርሱታል ይባላል። በተረኛነቴ በጥይት የተመታ ሰው ወደ ሆስፒታላችን ሲገባ፣ ባልደረቦቼ ማን ተኮሰበት ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ቁስሉን እያጠብኩ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ያ የተኮሰው ሰው፣ ጠመንጃውን ሲገዛ፣ ዛሬ እኛ ጋ እደር የሚለው ደላላ አጣ?