አባቴ የተዉት ፍቺ

ዛሬ ጠዋት ልጄ የጻፈችውን ወረቀት አምጥታ፣ «እማዬ፣ ኮሜንት ስጪበት» አለችኝ። ቃሉን ስሰማ የዲማው ቤታችን ትዝ አለኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ደብረ ማርቆስ ስማር ቆይቼ ለክረምት ቤት ገብቻለሁ። አባቴ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበሩ። ውጭ ዝናብ ይጥላል፤ የረጠበ ደበሎ ሽታ ጎጆውን ሞልቶታል፤ እሳቸው ተማሪዎቻቸውን ያስተምራሉ። እኔም እውቀቴን ላሳይ ብዬ፣ «አባቴ፣ የእርስዎ ሥራ በእንግሊዝኛ ኮሜንተሪ ይባላል» አልኳቸው።

«ምን ማለት ነው?»

«ማብራሪያ ነው። ህንዳዊው መምህራችን እንዳሉን ግን፣ ቃሉ ጥንት በላቲን ከራስ ፈጥሮ መናገር ማለትም ነበር።»

ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አባቴ አልተቆጡም።

«እኛ ከመምህሮቻችን የሰማነውን ነው የምንናገር» አሉና ትምህርቱን ቀጠሉ። ለንባቡ ሁለት ፍቺ ሰጥተው መጽሐፉን ዘጉ።

አንዱ ተማሪ፣ «የኔታ፣ አምና ሦስተኛ ፍቺ ነበረው» አላቸው።

«እሱን ከማንም አልሰማሁትም» አሉ ቀስ ብለው። «የራሴ ነው።»

ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ክረምቱ አልቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስኩ። ቀድሞ እኔም የሰማሁትን ያን ፍቺ ከዚያ ወዲህ ሲናገሩት አልሰማሁም። ከሦስቱ እስከ ዛሬ በቃሌ የቀረው ግን እሱ ብቻ ነው።