የአረፋው ቆጮና የልጄ ዳይፐር

ባለቤቴ ለመውለድ አንድ ወር ሲቀራት ያረጁ አንሶላዎችን እያወጣች ትቆራርጥ ጀመር። ወልቂጤ ያሉ እህቶቿ የላኩላትንም ጨምራ አጠበች፣ ቀቀለች፣ በልኩ ቀድዳ ጠርዙን ሰፋች፤ አርባ ያህል የሽንት ጨርቅ ወጣላት። "ዳይፐር እኮ ለትንሽ ሰዓት ታስሮ ይጣላል፤ ይሄ ታጥቦ ለሚቀጥለውም ልጅ ይደርሳል" አለችኝ። እኔ ግን ተናደድኩ። ቡታጅራ ውስጥ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ግማሹ ከተማ ያውቀኛል። ገመድ ላይ የተሰጣውን ጨርቅ ያየ ሁሉ ለልጁ ዳይፐር መግዛት አቃተው ሊለኝ ነው። "የሰው መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው" አልኳት። አልተከራከረችኝም፤ ጨርቆቹን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተቻቸው። ይህች ሴት ዝም ካለች ልክ መሆኗን እርግጠኛ ናት ማለት ነው።

ልጅቷ በሰላም ተወለደች። ትልቁን እሽግ ዳይፐር ገዝቼ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲያየው ባጃጁ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አቁሜ ወደ ቤት ገባሁ። የምንኖረው እናቴ ግቢ ውስጥ ነው። እናቴ እሽጉን አገላብጣ አየችና "ይሄ ሁሉ ለአንዲት ፍሬ ልጅ?" ብላ ወደ አራሷ ገባች።

ያስቸገረኝ መግዛቱ ሳይሆን መጣሉ ነበር። ቆሻሻ የሚያነሳው ጋሪ እኛ ሰፈር ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ጎረቤታችን የሆኑት ሽማግሌ ቆመዋል። በእንጨት ጫፍ ያንጠለጠሉት የልጄን ዳይፐር ነበር፤ ውሻ ጎትቶ እሳቸው ደጅ ጥሎታል።

"አሰላሙ አለይኩም" አሉኝ።

"ወአለይኩም ሰላም" አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

"ልጅቱ የላከችው ሰላምታ ደርሶናል። አላህ ያሳድጋት" አሉና እንጨቱን አቀብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝ። እናቴ ለቅሶ የሄደችበትን ከሰዓት ጠብቄ፣ ዶማ ይዤ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው እንሰት ገባሁ። መሬቱ ደርቆ እምቢ ይላል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ዶማው ሳያስቸግር ገባ። ዕድሌን አመሰገንኩ። ክንድ ያህል ቆፍሬ፣ ዳይፐሮቹን በፌስታል ቋጥሬ ቀበርኳቸው። በየሦስት አራት ቀኑ እየተመለስኩ ጎን ለጎን ስቀብር ሁለት ወር አለፈ። አፈሩ ለምን እንደዚያ እንደለሰለሰ ራሴን አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

አረፋ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቴ ልጅቷን ታቅፋ እያወዛወዘች "ወንድሞችህ ነገ ከአዲስ አበባ ይገባሉ፤ ዛሬ ቆጮውን ላውጣ" አለችኝ። "ሚስትህ ማርገዟን የሰማሁ ዕለት የቀበርኩት ነው። ለዚህች ልጅ የመጀመሪያ አረፋ ብዬ አልነካሁትም።"

ቆጮ ከእንሰት ተፍቆ፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ተጭኖበት ወራት ይቀመጣል፤ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል። በእኛ ቤት መፋቁም መቅበሩም የሴቶች ነው፤ ወንድ አይጠጋም። ተወልጄ ባደግኩበት ግቢ ውስጥ ጉድጓዱ የት እንዳለ የማላውቀው ለዚህ ነው።

"የት ነው የቀበርሽው?" አልኳት።

"ከትልቁ እንሰት ሥር፣ ከአጥሩ ወዲህ።"

ዶማው ሳያስቸግር የገባበት ቦታ ነው። እናቴ አምስት ወቅት ሰጋጅ ናት፤ ሽንት የነካውን ነገር ሁሉ ነጃሳ ብላ ከቤቷ ታርቃለች። ቆጮው ተበላሽቶ ከሆነ ያበላሸሁት ምግብ ብቻ አልነበረም፤ አሥር ወር ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችውን ደስታ ነው። አፈርኩ፤ ግን ነገርኳት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ልጅቷን ለባለቤቴ ሰጠችና "ዶማህን አምጣ" አለችኝ።

ቆፈርኩ። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ ደረደርኳቸው። መጀመሪያ የቀበርኩትና ባለፈው ሳምንት የቀበርኩት አይለዩም፤ አንዱም አልበሰበሰም። ከሥራቸው ድንጋዮቹ፣ ከድንጋዮቹ ሥር ቅጠሉ ወጣ። የላይኛው ቅጠል በጣት ሲነካ ይፈረፈራል።

እናቴ ተቀምጣ ቅጠሉንና ቋጠሮዎቹን አስተያየች። "የእኔ ቅጠል አፈር ሆኗል፤ ያንተው እንዳለ ነው" አለች። "አሁን ይሄን የት ልትወስደው ነው?"

ቋጠሮዎቹን ወደ አጥሩ ጥግ ገፋኋቸው።

ቅጠሎቹን በየተራ ገለጠች፤ እያንዳንዱን በእጇ ዳሰሰች፣ አሸተተች። የፌስታሎቹ ቋጠሮ አንዱም አልተፈታም ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ንጹሕ ሆነው ወጡ። ያም ሆኖ ከላይ አንድ ስንዝር ያህል ቆጮ አንስታ እንሰቱ ሥር ደፋችው። ከዚያ ተነስታ እጇን ታጠበችና "ለማንም እንዳትናገር" አለችኝ። ባለቤቴ ፊቷን በልጅቷ ፎጣ ሸፍና ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቋጠሮዎቹን በማዳበሪያ ሞልቼ፣ ባጃጅ ለምኜ የከተማው ቆሻሻ መጣያ አደረስኳቸው። እዚያም እንዳሉ ናቸው ብዬ አስባለሁ። ስመለስ ሳጥኑን ከፍቼ ጨርቆቹን ራሴ አወጣሁ። በማግስቱ የመጀመሪያዎቹን አጥቤ ከደጃፉ ፊት ለፊት ያለው ገመድ ላይ አሰጣሁ፤ እናቴ እጣቢውን እየወሰደች እንሰቱ ሥር ደፋች። ጎረቤታችን ሽማግሌ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ቆም ብለው አዩኝ። "ማሻአላህ" ብለው ሄዱ። ያን ያህል ደስ ይለኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

የአረፋ ዕለት ወንድሞቼ ተደርድረው ተቀመጡ። ሥጋው ቀረበ፤ ቆጮውም ተጋግሮ መጣ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚቆረስለት ለታላቅ ወንድማችን ነው። እናቴ ግን በቆረሰችው ላይ ክትፎ አድርጋ፣ እሱን አልፋ እኔ ፊት ቆመች።

"ዛሬ መጀመሪያ አንተ ነህ የምትቀምሰው" አለች።

"ይገባዋል፤ የልጅ አባት ሆነ እኮ" አለ ታላቅ ወንድሜ። ባለቤቴ ጨርቅ የምታነሳ መስላ ወደ ውጭ ሮጠች።

የእናቴ ዓይን ከአፌ ላይ አልተነሳም። ቢስሚላህ ብዬ ጎረስኩ። ኮምጠጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የእሷ ቆጮ ነበር።

"እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ጥሩ ነው፣ እማ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ስውጠው ጠበቀች። ከዚያ በኋላ ለሌሎቹ ቆረሰች።